አፈሩና እስትንፋሱ፦ የመጽሐፈ መክብብን የመጨረሻ ምዕራፍ በቅኔ ቤት ልማድ ማንበብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

 የኤደን ሙቀትና የመብራቱ ነገር እንደምታውቁት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለዛሬ አድርሶናል።

በዚህ ሰሞን ከደረሱን የድምፅ መልእክቶች አንዱን ደጋግመን ሰማነው። የላከችልን እኅት ወንድሟን ባሕር በልቶባታል። አስከሬኑን በአብያን ጠረፍ ያገኙት የማያውቁት ሰዎች ናቸው፤ የቀበሩትም እነርሱ ናቸው። ካህን አልቆመለትም፤ ዕጣን አልታጠነለትም፤ መቃብሩ የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚያሳይ ሰው የለም። ወሎ ያሉት እናቷ መርዶውን ከሰሙ ወዲህ በደወለች ቁጥር የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ ያለ ፍትሐት ሰው አገር አፈር ገባ። ነፍሱስ ወዴት ገባች? ስትንከራተት ይሆን?» እኅታችን «አባ፣ ምን ብዬ ልመልስላቸው?» ትላለች።

«አይዟችሁ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። እናት ግን በዚህ ቃል አትጽናናም፤ መልስ ያጣ ሰው የሚለው መሆኑን ታውቃለች። ጥያቄው የብዙዎቻችሁም ስለሆነ በጉባኤ መልክ እንመልሰው ብለናል። መነሻ የምናደርገው ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ ሞትና ስለ ነፍስ የተቀኘውን ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን የሰሎሞንን መጻሕፍት አምስት አድርጋ ትቆጥራለች፤ ምሳሌ፣ ተግሣጽ፣ ጥበብ፣ መክብብና መኃልየ መኃልይ። መክብብ 12 ምዕራፍ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ነው። የዛሬው ትምህርታችን የመጨረሻው ምዕራፍ ከቁጥር 1 እስከ 7 ነው። ቃሉን እዚህ አልገለበጥነውም። ሰባት ቁጥር ብቻ ነውና መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ወይም ስልካችሁን ክፈቱና አንድ ጊዜ ለራሳችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ከዚያ ተመለሱ። ንባቡን ሳይዙ ትርጓሜ መስማት ፊደል ሳይለዩ ዜማ እንደ መጀመር ነው፤ የኔታ ሁልጊዜ የሚቆጡን በዚህ ነበር።

አነበባችሁ? እንግዲህ ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲያነበው የሚገባው አንድ ትልቅ ቤት ሲፈታ ነው። ጠባቂዎች አሉ፤ ይንቀጠቀጣሉ። ብርቱ ሰዎች አሉ፤ ይጎብጣሉ። የሚፈጩ ሴቶች ቁጥራቸው ያንሳል፤ ሥራቸውንም ይተዋሉ። በመስኮት የሚያዩት ይጨልምባቸዋል። የመንገዱ በር ይዘጋል። የወፍጮ ድምፅ ይቀንሳል፤ የዘፈን ድምፅ ይወርዳል። ቤቱ ምን ሆነ? ጌታው ሞተ? ጠላት መጣ? ማዕበል ነው? ሰሎሞን አይነግረንም።

ቅኔ ቤት የገባ ሰው ግን እዚህ ላይ ቆም ይላል። ጎንጅም ይማር ዋሸራ ወይም ዋድላ፣ መጀመሪያ የሚነገረው ሰምና ወርቅ ነው። አንጥረኛ የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በተወው ባዶ ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። በቅኔም ከላይ የሚሰማው ቃል ሰም ነው፤ ውስጡ ያለው ምሥጢር ወርቅ ነው። ሰሙ ባይኖር ወርቁ መልክ አይኖረውም። ሰሙን ብቻ ይዞ የሄደ ደግሞ ባዶውን ሄደ። አንዳንዴም አንዱ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል፤ ኅብር የሚባለው ይህ ነው። ምሳሌ ከፈለጋችሁ ሩቅ አንሄድም። ይህቺን የወደብ ከተማ በአማርኛ «ኤደን» ብለን ነው የምንጽፋት። አዳም የወጣበትን ገነት ስንጽፍም ያው «ኤደን» ነው። እናት «ልጄ ኤደን ገባ» ብትል ሰሙ ከተማዋ ናት፤ ወርቁን ለእናንተ ትተነዋል።

የሰሎሞን ቤት ወርቁ ምንድን ነው? የሰው አካል ነው። ጠባቂዎቹ እጆች ናቸው፤ ሰውነትን የሚከላከሉት እነርሱ ናቸውና፣ በእርጅና ይንቀጠቀጣሉ። ብርቱዎቹ ሰዎች እግሮች ናቸው፤ ይጎብጣሉ። ፈጪዎቹ ጥርሶች ናቸው፤ ስለዚህ ነው ጥቂት ስለሆኑ ሥራ ፈቱ የሚባለው። በመስኮት የሚያዩት ዓይኖች ናቸው። በሮቹን አንዳንዱ ከንፈር ይላቸዋል፤ አንዳንዱ ጆሮ። «አንድም» እያሉ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል፤ እኛ ለጆሮ እናደላለን፤ ቀጥሎ ያለው ስለ ድምፅ መቀነስ ነውና።

የወፍጮው ድምፅ ለእኛ ለገጠር ልጆች ልዩ ነገር አለው። ዛሬ ሞተር ወፍጮው ሳይገባ በፊት፣ ጎህ ሳይቀድ የድንጋይ ወፍጮ ድምፅ የሚሰማበት ቤት ደኅና ቤት ነው። እናት ተነሥታለች፣ እህል አለ፣ ልጆች ይበላሉ ማለት ነው። አንድ ማለዳ ያ ድምፅ ካልተሰማ ጎረቤት «ምን ሆኑ?» ብሎ ይመጣል። ኤደን የተወለደ ሰው ይህን አያውቅም። መብራት ሲሄድ ማራገቢያው የሚቆምበትን፣ ማቀዝቀዣው ዝም የሚልበትን፣ የሰው ትንፋሽ ብቻ የሚሰማበትን ሌሊት ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰሎሞን ሞትን ያሳየን እንዲህ ነው፤ በጩኸት አይደለም፤ የለመድነው ድምፅ አንድ በአንድ ሲጠፋ ነው።

ይህን ትርጓሜ ለመረዳት ከሊቃውንት ይልቅ የሚቀርቡት በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ይመስሉናል። ከእናንተ ስንቶቻችሁ ናችሁ የማዳምን እናት የምታጥቡ፣ የምታጎርሱ፣ ሌሊት ተነሥታችሁ የምታገላብጡ? የምትጨብጣችሁ እጅ ስትንቀጠቀጥ ጠባቂዎቹን አይታችኋል። ምግቡን ፈጭታችሁ ስትሰጡ ስለ ፈጪዎቹ አንብባችኋል። አሮጊቷ በቀን ስትጠሯት የማትሰማ፣ ሌሊት ግን በወፍ ድምፅ የምትነቃ መሆኗ አስገርሟችሁ ከሆነ፣ ያም በዚሁ ምዕራፍ ተጽፏል፤ ቁጥር 4ን ደግማችሁ እዩት። ሃይማኖቷ ሌላ ነው፤ ቤቱ ግን አንድ ዓይነት ቤት ነው።

ስለ ለውዙም አንድ ቃል እንበል። ለውዝ ሲባል ኦቾሎኒ የመሰላችሁ ብዙ ናችሁ፤ እሱ አይደለም። ዛፍ ላይ የሚበቅለው፣ ዐረቦቹ ሎዝ የሚሉት ነው። የየመን ደጋ ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ በሰንዓ አጠገብ ያለው የኸውላን ለውዝ በገበያ የተመሰገነ ነው። ይህ ዛፍ ቅጠል ሳያወጣ በፊት አበባው ይቀድማል፤ ከሩቅ ሲያዩት ራሱ የሸበተ ሽማግሌ ይመስላል። ወርቁ ሽበት ነው። የአንበጣውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ለልጅ መጫወቻ የሆነች ነፍሳት ለሽማግሌ ሸክም ሆነች ማለት ነው። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚህ ሁሉ መካከል ግን እኛን ያስቆመን አንድ ቦታ አለ። ሽማግሌው ከፍታን ይፈራል፤ መንገድም ያስደነግጠዋል ይላል። የደጃፉን ደረጃ መውረድ እንደ ገደል ይሆንበታል። አሁን ወደ ራሳችሁ ተመልከቱ። ከወሎ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ፣ ኦቦክ ደርሶ ሌሊት በጀልባ የተጫነ፣ ላሕጅ ጠረፍ ውኃው ወገቡ ላይ ደርሶ እየተገፋ የወረደ የ19 ዓመት ልጅ የመንገድን ድንጋጤ ከሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ይበልጥ ያውቀዋል። ፀጉሩ አልሸበተም፤ ጥርሱም ሙሉ ነው፤ ፍርሃቱ ግን የሽማግሌ ፍርሃት ነው። ለዚህም ይመስለናል ሰሎሞን ይህን የእርጅና ቅኔ የጀመረው ወጣቱን በመጥራት ነው። ቁጥር 1ን እዩት፤ ፈጣሪህን በጉብዝናህ ወራት አስብ የሚል ምክር ነው የምታገኙት። ወጣቱ ቅኔውን የአያቱ ጉዳይ አድርጎ እንዳይተወው ነው። ሞት በለውዝ አበባ በኩል ብቻ አይመጣም።

ቁጥር 6 ላይ ሰሙ ይለወጣል። ከቤት ወጥተን ወደ መቅረዝና ወደ ውኃ ጉድጓድ እንሄዳለን። በብር ገመድ የተንጠለጠለ የወርቅ ጽዋ አለ፤ እንደ መቅደስ ቀንዲል አስቡት። ገመዱ ሲበጠስ ጽዋው ይወድቃል፤ ዘይቱ ይፈስሳል፤ መብራቱ ይጠፋል። ወርቁን አማርኛችን ራሱ ይነግረናል። ጀርባችንን የያዘውን አጥንት ምን እንለዋለን? ኅብለ ሠረሰር። ኅብል በግእዝ ገመድ ነው። ጽዋው የራስ ቅል ነው ይባላል። ማድጋው ልብ ነው፤ መንኮራኩሩም የትንፋሽና የደም ዑደት። የውኃው ምንጭ ግን አልደረቀም፤ ይህን ልብ በሉ። የተሰበረው መቅጃው ነው። በጄሪካን ውኃ የምትጠብቁ ሰዎች ልዩነቱን አትስቱትም፤ ጄሪካኑ ቢሰነጠቅ ውኃው ከምድር ጠፋ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ደርሰናል። ቁጥር 7 ላይ ሰሎሞን ሰሙን ይተወዋል። ቤት የለም፤ ለውዝ የለም፤ ማድጋ የለም። አፈር ወደ ነበረበት ወደ ምድር ይመለሳል፤ እስትንፋስ ወደ ሰጪው ወደ እግዚአብሔር ይመለሳል፤ ነገሩን የሚጨርሰው ያለ ምሳሌ ነው። አንጥረኛው እሳቱን አቀጣጥሎ ሰሙን አፍስሶ ወርቁን ብቻ በእጁ ይዞ እንደ መቆም ነው።

የዚህን ቁጥር ክብደት የሚያውቀው ምዕራፍ 3ን ያነበበ ነው። እዚያ ሰሎሞን ሰውና እንስሳ አንድ ዓይነት ሞት ይሞታሉ ካለ በኋላ፣ የሰው ነፍስ ወደ ላይ ትወጣ እንደሆነ ማን ያውቃል ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ብቻ ቆርጠው «ነፍስ የለችም»፣ «የሞተ አበቃለት» የሚሉ ሰዎች በስልካችሁ ሳይልኩላችሁ አይቀሩም። ጠያቂውን በጥያቄው ላይ ጥሎ መሄድ ግን ንባብ አይደለም። ሰሎሞን በመጽሐፉ ሁሉ «ከፀሐይ በታች» እያለ የሚደጋግመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዓይን የሚያየውን ያህል ሲናገር ነው። ዓይን የሚያየው የሰውም የከብትም ሬሳ ሲፈርስ ነው። በምዕራፍ 3 የጠየቀውን በምዕራፍ 12 መለሰ፤ በመካከል ስምንት ምዕራፍ ተጓዘ። እኛም አንዳንዱን ጥያቄ ዕድሜ ልክ ይዘነው እንጓዛለን።

ደግሞ ሌላ ነገር እዩ። በቅኔው የፈረሰው ሁሉ የቤቱ ነው፤ ጠባቂው፣ በሩ፣ መስኮቱ። ቁጥር 5 መጨረሻ ላይ ግን «ሰው» ይመጣል፤ ሰውዬው ወደ ዘላለም ቤቱ ይሄዳል፣ አልቃሾችም በመንገድ ይዞራሉ። ቤቱ ፈረሰ፤ ሰውዬው ሄደ። በኪራይ ቤት የሚኖር ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

«ወደ እግዚአብሔር ተመለሰች» ሲባል ነፍስ እንደ ጠብታ ባሕር ገብታ ጠፋች፣ ስሟንም መልኳንም አጣች ብሎ የሚረዳ አለ። እንዲህ አይደለም። አባቶቻችን ሰው ሰባት ባሕርያት አሉት ብለው ያስተምራሉ። አራቱ የሥጋ ናቸው፤ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስ፣ እሳት። ሦስቱ የነፍስ ናቸው፤ ለባዊነት፣ ነባቢነት፣ ሕያውነት። ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ትኖራለች ማለት ነው። አራቱ ይፈታሉ፤ ወደየመጡበት ይበተናሉ። ሦስቱ አይፈቱም። እንግዲህ የምታስብና የምትናገር ነፍስ ማን እንደነበረች አትረሳም። ሐዋላ ቤት ገንዘብ ስታስገቡ እናንተ ያስረከባችሁት ኖት ራሱ ወሎ አይደርስም፤ የተቀባዩ ስም ግን አይጠፋም፤ ደረሰኝ አላችሁ። ሰው አደራውን እንዲህ ከጠበቀ፣ በእስትንፋሱ የሰጠን ጌታ የሰጠውን ሲቀበል የማንን እንደተቀበለ አያውቅም ማለት ይቻላል?

በባሕር የቀሩትስ? ብዙዎቻችሁ ይህን ትጠይቃላችሁ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሸብዋ ጠረፍ 260 ሰዎች የጫነች ጀልባ ሰጥማ 49ኙ ሲሞቱ 140ው የገቡበት አልታወቀም። እሑድ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በአብያን ከ150 የማያንሱ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የተሳፈሩባት ጀልባ ተገልብጣ ከ60 በላይ ሞቱ፤ ያልተገኙም ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መሬት እንኳ አልነካቸውም። ግን ውኃም ከአራቱ አንዱ ነው። ለመሬት የተሰጠውን መልስ የሚል አምላክ ለውኃ የተሰጠውንም መልስ ይላል፤ ዮሐንስ በራእዩ በምዕራፍ 20 ባሕር የያዘቻቸውን ሙታን ስትሰጥ አይቷል። ዮናስን የነነዌ ጾም በመጣ ቁጥር የምናነበው ለሌሎች ብቻ አይደለም።

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። በውስጡ ሁለት ፍርሃት አለ፤ አንዱ የሰው አገር አፈር ነው፣ ሁለተኛው ያለ ፍትሐት መቀበር ነው።

«ለአገርህ አፈር ያብቃህ» ብለን እንመራረቃለን። ይህ ምኞት ጥሩ ምኞት ነው፤ ኃጢአት የለበትም። ዮሴፍ በግብፅ ሲሞት አጥንቴን ይዛችሁ ውጡ ብሎ ወንድሞቹን አምሏቸዋል። ያንን አጥንት ከግብፅ ይዞ የወጣው ሙሴ ነው። እንግዲህ እዩ፤ የሌላውን አጥንት ተሸክሞ የወጣው ሙሴ ራሱ የተስፋይቱን ምድር ከተራራ ላይ አየ እንጂ አልገባባትም፤ በሞዓብ ምድር ሞተ፤ መቃብሩን ሰው አያውቀውም። አልቃሽ አልዞረለትም ማለት አይደለም፤ 30 ቀን አልቅሰውለታል። ያለቀሱት ግን መቃብሩን ሳያውቁ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ጌታችን በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን ሲገልጥ ከኤልያስ ጋር ቆሞ የታየው ማን ነው? በቡሄ ዕለት ይህን እናከብራለን፤ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ፣ ሙልሙል ሲካፈል። መቃብሩ የጠፋው ሙሴ አልጠፋም።

ሌላም ማስረጃ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 አለ። ድኻው አልዓዛር ሞተ፤ መላእክት ወሰዱት ተባለ፤ ስለ ቀብሩ አንድ ቃል አልተጻፈም። ባለጠጋውም ሞተ፤ እርሱ ተቀበረ ተባለ። ቀብሩ የተጻፈለት ሰው ነፍሱ በሥቃይ ተገኘች። ለማን ሰው ወጣለት፣ ማን ሳይቀበር ቀረ በሚለው የነፍስን መድረሻ መመዘን እንዳንችል ወንጌሉ ራሱ መንገዱን ዘግቷል። ነፍስ በረሃ ለበረሃ ትንከራተታለች የሚለውም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ለጻድቃን ገነት፣ ለኃጥኣን ሲኦል፤ እስከ ትንሣኤ ድረስ ማረፊያ ይህ ነው። የዚያ ልጅ መድረሻ የትኛው ነው ብትሉን ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው፤ እኛ አንፈርድም። ወደ ሰጪው መድረሷን ግን የሚያስቀር ባሕር የለም።

ይህም አፈር ቢሆን እስከዚህ ባዕድ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት ቴዎፍሎስ የተባለ መልእክተኛ ከሮም ንጉሥ ተልኮ መጥቶ በዚህችው በኤደን ቤተ ክርስቲያን ማሠራቱን የጥንት ጸሐፊ መዝግቦታል። በ523 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በናግራን ስለ ክርስቶስ የሞቱትን ሰማዕታት ስንክሳራችን ኅዳር 26 ቀን ያስባቸዋል። እነርሱን ለመርዳት ዐፄ ካሌብ በ525 ይህንኑ ባሕር ሲሻገር ከተከተሉት የአክሱም ሰዎች በዚህ ምድር የቀሩ አሉ። ማሕሌታዊው ቅዱስ ያሬድ ደግሞ የካሌብ ልጅ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የዘመረ ነው። አባቶቻቸውን ወደ የመን ሸኝተው ያልተመለሱላቸው ልጆች በዘመኑ እንደነበሩ አስቡ።

ያሬድን ያነሣነው ለሁለተኛው ፍርሃት ነው። ከአምስቱ የዜማ መጻሕፍት፣ ከድጓ፣ ከጾመ ድጓ፣ ከምዕራፍና ከዝማሬ ቀጥሎ የሚቆጠረው መዋሥዕት ይባላል። ለሙታን የሚባል ዜማ ነው፤ በቀብርና በተዝካር ይቆማል። ማስመስከሪያው በደቡብ ጎንደር ዙር አባ ጽርሐ አርያም አቡነ አረጋዊ ነው። ስሙ የመጣው «አውሥአ»፣ መለሰ፣ ከሚለው ግሥ ነው። መዋሥዕት መልሶች ማለት ነው፤ በአንድ ወገን የቆሙት ሲያነሡ በሌላው ወገን ያሉት ይመልሳሉ። በሰሎሞን ቅኔ የዘፈን ድምፅ ዝቅ ብሎ ቤቱ ዝም ሲል፣ በቤተ ክርስቲያን ዜማው የሚጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። የሞተው አይመልስም፤ የቆሙት ይመላለሳሉ።

ስለዚህ ፍትሐት ከንቱ ነው አላልንም፤ እንዲያ ተረድቶ የሚሄድ ካለ አልሰማንም ማለት ነው። ፍትሐት ለሟች የምንለምነው ምሕረት ነው፤ ፍቅራችንም የሚታይበት ነው። 3ኛው፣ 7ኛው፣ 12ኛው፣ 30ኛው፣ 40ኛው፣ 80ኛው ቀን፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ የተሠሩት ለዚህ ነው። ሬሳው ኤደን ቢቀር፣ ባሕርም ቢቀር ስሙ ወደ ደብሩ ተልኮ ጸሎት ይደረግለታል። ጸሎት ኬላ አያግደውም። እኅታችን ለእናቷ የምትመልሰው ይህን ነው፤ «የአጥቢያችሁን ቄስ ጥሩ፤ ስሙን ንገሯቸው፤ አስፈቱለት።» ጠላውና እንጀራው ባይሞላ አይጨነቁ፤ ተዝካር ተበድሮ የሚደገስ ድግስ አይደለም፤ ለነዳያን የሚደርስ ጥቂት ንፍሮም ይበቃል።

የሚያስቸግረው ግን እዚህ ላይ ነው፤ የትኛውን ስም?

ቆሎ ተማሪም እንደ እናንተ ስደተኛ ነው። ዘመድ አግኝቶ ከትምህርቱ እንዳያስቀረው ሆን ብሎ ርቆ ይሄዳል፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ለምኖ ይበላል። በተማርንበት ጉባኤ አንድ ክረምት ተስቦ ገባና አንድ ጓደኛችንን ወሰደብን። ጎጆው ውስጥ ስንገንዘው አገሩ ወሎ መሆኑን እንጂ ቀበሌውን የሚያውቅ አልነበረም፤ መርዶ የምንልክበት አጣን። የክርስትና ስሙን ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ተማሪ የሚጠራው በእርሱ ነውና። ስሙ ተጠርቶ ተፈታ። እናቱ መቼ እንደሰሙ ዛሬም አናውቅም።

እዚህ ኤደን ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። የሞተው ሰው ስልክ ውስጥ የእናቱ ቁጥር ይገኛል፤ መርዶው በአንድ ሰዓት ወሎ ይደርሳል። የክርስትና ስሙን ግን አብሮት ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ያደረ ጓደኛው አያውቀውም። «ቢጫው» ነበር የምንለው፣ «ሹፌሩ» ነበር የምንለው ይሉናል። ዐረብ አሠሪዎቿ ያወጡላትን ስም ብቻ የምናውቅላት እኅት አለች። አንዳንዱም የክርስትና ስምን መናገር ለመተት ያጋልጣል ብሎ ይደብቃል፤ ይህን ፍርሃት ተዉት። ስማችሁ የተሰጣችሁ በእርሱ ልትጠሩበት ነው፤ በቁርባን ጊዜ ካህን የሚጠይቃችሁም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ይህን አድርጉ። የክርስትና ስማችሁን ለሁለት ሰው ንገሩ፤ አንዱ አብሯችሁ የሚኖር፣ ሌላው ከጉባኤያችን ይሁን። የማታስታውሱ፣ በሕፃንነት ተጠምቃችሁ የረሳችሁ፣ ወደ ቤት ስትደውሉ እናታችሁን ወይም የክርስትና እናታችሁን ጠይቁ። ጥያቄው እንዳያስደነግጣቸው «ቄሱ ለጸሎት ፈልገውት ነው» በሏቸው፤ እውነትም ለጸሎት ነው። መንገድ ላይ ያለ ወንድም ካላችሁ፣ ኦቦክ የደረሰ፣ ገና ያልተሻገረ፣ ዛሬውኑ በመልእክት ጠይቁት።

በባሕር ያለፉትን የምናስብበትን የጸሎት ቀን በዚሁ መስመር እናሳውቃለን። የዘመዶቻችሁን የክርስትና ስም እስከዚያ ላኩልን፤ በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፣ ስንገለብጥ እንዳንስት። ስማቸው ያልታወቀውንም አንተዋቸውም። በዝርዝሩ መጨረሻ «ስማቸውን አንተ የምታውቃቸው» ብለን እንጠራቸዋለን፤ እናንተም ስትሰሙ «አሜን» በሉላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።